የአንዱ ዕረፍት ለሌላው እንጀራ

በአዳማ ከተማ ማለዳ ተነሥቶ ከአውራ ጎዳናው ዳር ቆሞ አላፊ አግዳሚውን ለሚመለከት ሰው ሁለት ዓይነት ወጣቶች ወዲያው ይለዩለታል። አንደኞቹ የፋብሪካ ሰርቪስ የሚጠብቁ ናቸው፤ ምሳቸውን ቋጥረው፥ እንቅልፍ ያልጠገበ ዓይናቸውን እያሹ ይቆማሉ። ሁለተኞቹ ሰርቪስ አይጠብቁም፤ የሚጠብቁት ማስታወቂያ ነው። በላስቲክ የተሸፈነ የትምህርት ማስረጃቸውን በብብታቸው ይዘው ከሰሌዳው ሥር አንገታቸውን ያሰግጋሉ። ከማስታወቂያው ሁሉ አስቀድመው የሚያነቡት ደመወዙን አይደለም፤ «የሥራ ልምድ» የሚለውን መስመር ነው። ዜሮ ዓመት የሚል ሲያገኙ ይገለብጣሉ፤ ሁለት ዓመት የሚል ሲያገኙ ወደሚቀጥለው ያልፋሉ።

እንግዲህ የእነዚህን የሁለት ወገኖች ኑሮ ጎን ለጎን አድርጎ ለመዘነ ሰው አንድ የሚያስገርም ነገር ይታየዋል። አንደኛው ወገን ዕረፍት አጥቶ ይደክማል፤ ሁለተኛው ወገን ዕረፍት በዝቶበት ይደክማል። አባቶቻችን «ሥራ የፈታ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል» ብለው በሥራ ፈት ተርተዋል። ይህ ተረት ግን ሥራ ሳለ ለማይሠራ ሰው የተነገረ ነው። ሥራ ፈልጎ ላጣ ወጣት አይገጥምም፤ እርሱ ቀዶ የሚሰፋው ቆብ እንኳ የለውም።

መንግሥት ስለ ሥራ አጡ ምን አደረገ የሚለውና ስለ ሠራተኛው የዓመት ዕረፍት ሕጉ ምን ይላል የሚለው ጥያቄ ዘወትር ለየብቻ ይነሣል። የመጀመሪያው የሥራ አጡ ጉዳይ፥ ሁለተኛው የሠራተኛው ጉዳይ ይባላል። እኔ ግን ሁለቱ የአንድ ቤት ጉዳይ መሆናቸውን የተረዳሁት ከአንድ ወንድምና እኅት ነው።

ወንድምና እኅት

ወንድምየው ዩኒቨርሲቲ አብሮኝ የተማረ ጓደኛዬ ነው። በሒሳብ አያያዝ ተመርቆ ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራ ሲፈልግ ቆይቷል። እኅቱ በዕድሜ ታንሰዋለች፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከጨረሰች በኋላ በአንድ ፋብሪካ ልብስ ሰፊ ሆና ተቀጥራለች። ሁለቱ በአዳማ አንዲት ክፍል ቤት ተከራይተው ይኖራሉ። ኪራዩን የምትከፍለው እርስዋ ናት።

አንድ እሑድ ቤታቸው ቡና ተጠርቼ ሳለ እኅቲቱ ስኒውን እያቀረበችልኝ፥ «ወንድሜ፥ አንተ የጋዜጣ ሰው ነህና ሕጉን ታውቀዋለህ፤ እስቲ ፍረደን» አለችኝ። ነገሩ እንዲህ ነበር። ከተቀጠረች አሥራ አራት ወር ሆኗታል፤ አንድም ቀን የዓመት ዕረፍት አልወጣችም። ወንድምዋ ባጃጅ ለመንዳት መንጃ ፈቃድ ያወጣ ዘንድ የሥልጠናውን ገንዘብ ልትሰጠው አሰበች። ስለዚህ ወደ አስተዳደር ክፍል ሄዳ፥ «ጋሼ፥ ዕረፍቴን አልፈልገውም፤ በገንዘብ ይለወጥልኝ» ብላ ጠየቀች። ሹሙም ሕግ ይከለክላል አላት። «እንግዲያስ ዕረፍቴን ይስጡኝ» ብትለው፥ «ሥራ በዝቷል፤ ደግሞስ በር ላይ የቆሙትን አላየሽም?» ሲል መለሰላት።

ይህን ስትነግረኝ ወንድምየው አንገቱን ደፋ። ለካስ በዚያ ሰሞን በር ላይ ከቆሙት አንዱ እርሱ ራሱ ኖሯል። ሳያስበው የገዛ እኅቱ ማስፈራሪያ ሆኗል።

ነገሩ ከወንጂ ይጀምራል

ጉዳዩን ከሥሩ ለማየት ከአዳማ ብዙም ሳንርቅ ወደ ወንጂ እንውረድ። ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ በአዋሽ ዳር የሸንኮራ እርሻ ከፍቶ በ1946 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ስኳር ሲያወጣ፥ ከከምባታ፥ ከሐዲያና ከወላይታ ብዙ ሰው ሥራ ፍለጋ ወደ ሸለቆው ወረደ። በዚያ ሜዳ ከብቱን ሲያሰማራ የኖረው የጂሌ ኦሮሞ ደግሞ የግጦሽ መሬቱ የሸንኮራ ማሳ ሆነበት። እንዲህ ሆኖ በስምጥ ሸለቆው ውስጥ ደመወዝተኛ የሚባል አዲስ ሕዝብ ተፈጠረ።

ገበሬ የሚያርፍበትን ጊዜ የሚወስኑለት ዝናቡና በዓሉ ናቸው። ማረሻውን ሰቅሎ የሚውልበት ቀን ከአያት ከቅድመ አያት የተቈጠረ ነው፤ በሬውም አብሮት ያርፋል፤ መሬቱም ቢሆን እየተፈራረቀ ጾሙን ያድራል። የፋብሪካ ፊሽካ ግን ይህን አያውቅም። ስለዚህ ፋብሪካ በመጣበት አገር ሁሉ ዕረፍት በልማድ መኖሩ ቀርቶ በሕግ መጻፍ አስፈለገው።

በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ሲመሠረት የመጀመሪያው መሪ አብርሃም መኰንን የተገኙት ከወንጂ ሠራተኞች መካከል ነው። በ1956 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 210 ሠራተኛው በማኅበር ተደራጅቶ ከአሠሪው ጋር በኅብረት እንዲዋዋል በር ከፈተ። ደግሞም በ1955 ዓ.ም. አገራችን የዓለም የሥራ ድርጅት ያወጣውን ስምምነት ቁጥር 88 አጽድቃለች፤ ይህም መንግሥት ሥራ ፈላጊውንና አሠሪውን ያለ ክፍያ የሚያገናኝ ጽሕፈት ቤት እንዲያቋቁም ያዛል። እንግዲህ የሥራ ያዡና የሥራ አጡ ጉዳይ በአንድ ዘመን አብረው የተነሡ መሆናቸውን ልብ ይሏል።

ደመወዝ እየተከፈለ ማረፍ በሌላውም ዓለም ቢሆን ጥንታዊ ነገር አይደለም። የፈረንሳይ ሠራተኛ የሁለት ሳምንት ዕረፍት ከነደመወዙ በሕግ ያገኘው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1936፥ ከታላቅ የሥራ ማቆም አድማ በኋላ ነው። በዚያው ዓመት የዓለም የሥራ ድርጅት በስምምነት ቁጥር 52 አንድ ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ ቢያንስ ስድስት የሥራ ቀን ከነደመወዙ እንዲያርፍ ደነገገ። ያ ዘመን በዓለም ሥራ አጥ የበዛበት ዘመን እንደነበረ ማስታወስ ይገባል። ሥራ አጥ በበዛበት ጊዜ ለሠራተኛ ዕረፍት መስጠት ቅንጦት ነው የሚለውን አስተያየት ታሪኩ አይደግፈውም።

ሕጉ ምን ይላል?

ወደ ዘመናችን እንምጣ። በ1985 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 42፥ ቀጥሎም በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 377፥ አንድ ዓመት ላገለገለ ሠራተኛ 14 የሥራ ቀን ዕረፍት ሰጥተው በየተጨማሪው ዓመት አንድ ቀን ይጨምሩ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 መነሻውን ወደ 16 የሥራ ቀን ከፍ አደረገ፤ ጭማሪውን ግን በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን አደረገው። ጠጋ ብሎ ለሚያሰላ ሰው በአሮጌውም በአዲሱም ቢሆን አምስት ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ የሚያገኘው 18 ቀን ነው። ከአራት ዓመት በታች ላገለገለው አዲሱ ሕግ ይሻላል፤ ከአምስት ዓመት በላይ ለቆየው አሮጌው ይሻል ነበር። ስለዚህ አዲሱ ሕግ ወደ ወጣቱ ያደላ ነው ማለት ይቻላል።

የእኅታችን ጥያቄ ላይ ሹሙ ግማሽ እውነት ተናግሯል። ሠራተኛው ሥራ ላይ ሳለ ዕረፍቱን በገንዘብ መለወጥ የተከለከለ ነው፤ ዕረፍቴን ትቻለሁ ብሎ ቢፈርምም ፊርማው አይጸናም። ዕረፍት በገንዘብ የሚታሰበው የሥራ ውሉ ሲቋረጥ ነው፤ ያን ጊዜ ያልተወሰደው ዕረፍት ተቈጥሮ ይከፈላል። ሁለተኛውን ግማሽ እውነት ግን ሹሙ አልተናገረም። ዕረፍቱ ሥራ በዝቷል ተብሎ ቢተላለፍ እንኳ ከሁለት ዓመት በላይ ሊተላለፍ አይችልም። ዓመት ሳይሞላው የተሰናበተ ሠራተኛም ቢሆን እንደ አገልግሎቱ መጠን ተካፍሎ ይታሰብለታል፤ ስለዚህ በአሥረኛው ወይም በአሥራ አንደኛው ወር ውል እያፈረሱ እንደገና መዋዋል ዕረፍቱን አያጠፋውም። በሕዝብ በዓል ቀን የሠራም የሰዓት ደመወዙ በሁለት ተባዝቶ ይከፈለዋል።

ሕጉ ዕረፍት አይሸጥም ማለቱ ለድኻው ጭካኔ ይመስለዋል። እኅታችንም፥ «የራሴን ነገር እንዳልሸጥ ማን ይከለክለኛል?» ብላኛለች። ነገር ግን ዕረፍት ይሸጥ ቢባል መጀመሪያ የሚሸጠው ይበልጥ የተቸገረው ነው፤ እርሱ ሲሸጥ ያልሸጠው ጎረቤቱ ሰነፍ ይባላል። ጥቂት ቆይቶም ሁሉም ይሸጣል፤ ሁሉም ከሸጠ በኋላ ዋጋው ከደመወዙ ጋር ይቀላቀልና ዕረፍቱም ገንዘቡም ይጠፋል። ሕጉ የዘጋው ይህን በር ነው።

ለሥራ አጡስ ምን ተደረገ?

መንግሥት እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል ማለት ሐሰት ነው። በየከተማው ወጣቱን በጥቃቅንና አነስተኛ ማኅበር አደራጅቶ ሼድና ብድር መስጠት ብዙ ዓመት ያስቈጠረ ሥራ ነው፤ ድንጋይ ጠርቦ ኮብልስቶን ያነጠፈ ተመራቂ በአገራችን ብዙ ነው። በ2009 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 995 የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ በአሥር ቢሊዮን ብር ተቋቋመ። በዚያው ዓመት በተጀመረው የከተማ ሴፍቲ ኔት መርሐ ግብር ከታቀፉት አሥራ አንድ ከተሞች አንዷ አዳማ ናት። በ2011 ዓ.ም. የሥራ ዕድል ፈጠራ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ተመሥርቶ ሥራውን ተረከበ።

ሥራውን ወደ ክፍለ ሀገር ከተሞች ለማውረድም ተሞክሯል። የአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ በመስከረም 2011 ዓ.ም. ተመረቀ። ከባቱ በታች በቡልቡላ የግብርና ምርት የሚያቀነባብር ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ተከፈተ። በባቱ የአበባ እርሻ፥ በሞጆ ደረቅ ወደብና የቆዳ ፋብሪካ፥ በመቂ የሽንኩርትና የቲማቲም ማሳ ሰው ይቀጥራሉ። ይሁን እንጂ ፋብሪካም የራሱ ክረምት አለው። አሜሪካ አጎዋ በሚባለው ሕግ ለአገራችን ምርት ትሰጥ የነበረውን ከቀረጥ ነፃ መብት በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ባቋረጠች ጊዜ፥ ልብስ ሰፍተው ወደዚያ የሚልኩ ፋብሪካዎች ገበያቸው ተነካ። የዋሽንግተን ውሳኔ በልብስ ሰፊዎቻችን ጓዳ የሚሰማ ሆነ።

እነዚህን እርምጃዎች በአንድ ላይ ስንመለከት አብዛኞቹ ወጣቱን ባለቤት ሁን፥ ተበደር፥ ነግድ የሚሉ ናቸው። ይህ ለአንዳንዱ መልካም ነው። ነገር ግን ሰው ሁሉ ነጋዴ ሆኖ አልተፈጠረም። ሰሌዳው ሥር የቆመው ወጣት የጎደለው ነገር ብር ብቻ አይደለም፤ ሁለት ዓመት የሥራ ልምድ የሚለው መስመር ነው። ይህን መስመር ማንም ባንክ አያበድረውም። የሚገኘው ከሥራ ቦታ ብቻ ነው፤ ወደ ሥራ ቦታ የሚያስገባው ደግሞ ያው መስመር ነው። ወጣቱ በዚህ ዙሪያ እንደ ወፍጮ ድንጋይ ይዞራል።

አንድ ትንሽ ሒሳብ

በሒሳብ አያያዝ የተመረቀውን ጓደኛዬን ወረቀት አምጣ አልኩትና አብረን አሰላን። ሕጉ ሃያ ስድስት የሥራ ቀን እንደ አንድ ወር ይቈጥራል፤ በዓመት 312 ቀን ይሆናል። ከዚህ ላይ የሕዝብ በዓላትን አሥራ ሁለት ቀን ገደማ ብናነሣ 300 ይቀራል። አሥራ ስድስቱ የዕረፍት ቀን ሲቀነስ አንድ ሠራተኛ በዓመት 284 ቀን ይሠራል። አንድ ሺህ ሠራተኛ ባለው ፋብሪካ ሁሉም እንደ ሕጉ ቢያርፉ 16,000 የሥራ ቀን ይለቀቃል። ይህ ለ284 ሲካፈል 56 ይሆናል። ስለዚህ አንድ ሺህ ሰዎች ሲያርፉ ዓመቱን ሙሉ ለ56 ሰዎች የሚበቃ ሥራ ይገኛል። እያንዳንዱ ተተኪ ሦስት ሦስት ወር ቢሠራ ደግሞ በዓመት 224 ወጣቶች የመጀመሪያ የሥራ ልምዳቸውን ያገኛሉ።

ይህን ለማድረግ አዲስ አዋጅ አያስፈልግም። በዕረፍት ወይም በሕመም ለጊዜው የቀረን ሠራተኛ ለመተካት የተወሰነ ጊዜ ውል መዋዋል በአዋጅ ቁጥር 1156 የተፈቀደ ነው። ያልተለመደ ሙከራም አይደለም። ዴንማርክ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1994 ዓ.ም. ሠራተኛው ለትምህርት፥ ለልጅ ማሳደጊያና ለዕረፍት ከሥራ እንዲወጣ ሰፊ ፈቃድ ስትሰጥ፥ ለዕረፍት የሚወጣውን ሠራተኛ አሠሪው በሥራ አጥ እንዲተካ አስገድዳ ነበር። ከዚያም በፊት ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በ1933 ሥራ አጥ የአሜሪካ ወጣቶችን ሰብስበው ደን ሲያስተክሉ፥ በወር ከሚከፈላቸው 30 ዶላር 25ቱ ለቤተሰባቸው ይላክ ነበር። የእነዚያ ወጣቶች ጥቅም ደመወዙ ብቻ አልነበረም፤ ከሰፈሩ ሲወጡ ሠርቶ የሚያውቅ ሰው ተብለው ወጡ።

ሊነሣ የሚችለው ተቃውሞ

ይህን ሐሳብ ለአንድ የፋብሪካ ኃላፊ ባጫውታቸው፥ «አንተ ልጅ፥ መኪና ላይ የማያውቅ ሰው ባስቀምጥ ጨርቁን ማን ይከፍለኛል?» አሉኝ። ተቃውሞው እውነት አለው። አዲስ ሰው ያበላሻል፤ ይዘገያል። ነገር ግን ዛሬስ የቀረው ሰው ሥራ በምን ይሸፈናል? አብዛኛውን ጊዜ በቀሩት ትከሻ ላይ ይጫናል። ሕጉ የቀን የትርፍ ሰዓት ክፍያ ከመደበኛው አንድ ተኩል እጥፍ እንዲሆን ያዛል፤ ስለዚህ በሕጉ ለሚከፍል አሠሪ ከደከመ ሰው ትርፍ ሰዓት ይልቅ የአዲስ ሰው መደበኛ ሰዓት ይረክሳል። የሚጎዳው በሕጉ የማይከፍለው ብቻ ነው፤ ስለ እርሱም ብለን ሐሳባችንን አንለውጥም። የጨርቁ ነገር ደግሞ ከቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤቶች ጋር ተነጋግሮ ተተኪዎችን አስቀድሞ በማለማመድ ሊቃለል ይችላል።

ሌላው ተቃውሞ ይከብዳል። ትእዛዝ የቀነሰበት ፋብሪካ ሠራተኛው ቢያርፍ ተተኪ አይፈልግም፤ እንዲያውም ይገላገላል። ደግሞም በአዳማ፥ በሻሸመኔና በአርሲ ነገሌ ጎዳና ላይ የሚሠራው ሕዝብ ብዙው ይህ አዋጅ የማይደርስበት ነው። ለባለ ንብረቱ በየቀኑ የተቈረጠ ገቢ የሚያስገባው የባጃጅ ሹፌር፥ ውል የማያውቀው የምግብ ቤት አስተናጋጅ፥ ማለዳ ለማሳ የሚለቀመው የቀን ሠራተኛ የዓመት ዕረፍት ምን እንደሆነ አያውቁም። የቤት ሠራተኛም ከአዋጁ ውጭ ናት። ስለዚህ የእኛ ሒሳብ ለሥራ አጥነት ፈውስ ነው አልልም። ውል ባለበት ቦታ፥ በእጅ ያለ መድኃኒት ነው ግን እላለሁ።

ለወጣት ሹማምንት

ይህን ገጽ ከሚያነቡት ብዙዎቹ ገና ከዩኒቨርሲቲ ወጥተው በየመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ የያዙ ናቸው። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኛ በ2010 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1064 የመጀመሪያ ዓመት ዕረፍቱ 20 የሥራ ቀን ተብሎ ተደንግጎለት ነበር፤ እኛ ዕረፍታችንን ስንሞላ ማንም በር ላይ የቆመ ሰው አያሳየንም። ስለዚህ አደራው የእኛ ነው። በከተማ የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት የተቀመጠ ወጣት ሹም ሁለት መዝገብ በእጁ አለ፤ አንዱ የሥራ ፈላጊዎች፥ ሁለተኛው የአሠሪዎች። የሥራ ሁኔታ ተቈጣጣሪው ፋብሪካ ሲገባ የዕረፍት ፕሮግራሙን ቢጠይቅ፥ ሥራ አገናኙም ያን ፕሮግራም ተመልክቶ በየትኛው ወር ስንት ተተኪ እንደሚያስፈልግ ቢያውቅ፥ ሁለቱ መዝገቦች አንድ ይሆናሉ። ለዚህ የሚያስፈልገው በአንድ ሕንፃ ውስጥ ያሉ ሁለት ክፍሎች መነጋገራቸው ነው።

ተማሪዎችም ብትሆኑ ነገ ሥራ ስትይዙ የምትፈርሙትን ውል አንብቡ። ዕረፍት በቃል አይጠየቅም፤ በጽሑፍ ይጠየቃል፤ ግልባጩም ገቢ የተደረገበት ቀን ተጽፎበት በእጅ ይቀራል።

እኅታችንም እንዲሁ አደረገች። ማመልከቻዋን አብረን ጻፍን፤ ሁለተኛውን ቅጂ አስፈርማ ያዘች። ሦስት ሳምንት ቈይቶ ዕረፍቷ ተፈቀደላት፤ የዕረፍቷም ደመወዝ ተከፈላት፤ ወደ እናቷ ዘንድ ወደ አርሲ ነገሌ ሄደች። ስትመለስ ጠየቅኋት፥ «በቦታሽ ማን ሠራ?» «ማንም» አለችኝ። «የኔን ድርሻ ለአጠገቤ ልጆች ከፋፍለው ሰጧቸው፤ መኪናዬ በጨርቅ ተሸፍኖ ነው ያገኘሁት።»

ያ መኪና በጨርቅ ተሸፍኖ በቆየባቸው አሥራ ስድስት የሥራ ቀናት ወንድምዋ በየማለዳው ሰሌዳው ሥር ቆሞ የሥራ ልምድ የሚለውን መስመር ያነብ ነበር። መኪናውንና ወጣቱን ያላገናኘው የሕግ እጦት አይደለም፤ የገንዘብ እጦትም አይደለም። የእኛ የሹማምንቱ አለመነጋገር ነው። እርሱ ደግሞ ነገ ሰኞ ሊጀመር ይችላል።